የማን ፈቃድ ነው?

እዚህ ዓረብ አገር፣ የእኛ ሰው በሚበዛበት ጅሊብ በሚባለው ሰፈር የዘነበወርቅን ስም ሲያነሱ ስሰማ ደሜ ይፈላል። «ያቺ ማተቧን በጥሳ እግዜር ዓይኗን ያጠፋባት» ነው የሚሏት። አንዷ ለሌላዋ ትነግራለች፣ ሌላዋ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ ወሬው እንዲህ እያለ ከቤት ቤት ይዞራል። አንዳቸውም እዚያ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ። ስለዚህ አፋቸውን ያዝ ያድርጉና ከእኔ ይስሙ።

ዘሊካ እባላለሁ፣ የወሎ ልጅ ነኝ። ሚሽሪፍ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ማዳም ሰሃር ቤት ምግብ የማበስለው እኔ ነኝ። ዘነበወርቅ እዚያው ቤት ጽዳቱንና ልብሱን ትሠራለች። እኔ እስላም፣ እሷ ክርስቲያን፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አልጋችንን ጎን ለጎን አድርገን እንኖራለን። ከእናቴ ልጆች ጋር እንኳ እንዲህ ተቀራርቤ አልኖርኩም።

ማዳም ግን ክርስቲያን መሆኗን አታውቅም። በዚያ ቤት እሷ ለይላ ናት። ነገሩ የተጀመረው አገር ቤት ነው። ደላላው «በክርስቲያን ስም ከሄድሽ ማን እንደሚወስድሽ እንጃ፣ እስላም ነኝ ካልሽ ግን ቶሎ ትበሪያለሽ» አላት። አባቷ ሞቷል፣ ታናናሾቿ እጇን እጇን ያያሉ። እሺ አለች። ለይላ ተብላ ፓስፖርት ወጣላት። ከዚያ ደላላው አንገቷን አየና «ይሄስ?» አላት። ማተቧን ማለቱ ነው። ልጅ ክርስትና ሲነሣ አንገቱ ላይ የሚታሰረው ክር፣ ሰው እስኪሞት የማይለየው። ዘነበወርቅ ከደላላው ሚስት የሽንኩርት ቢላዋ ተቀበለችና በገዛ እጇ በጠሰችው።

እኔ የነቃሁባት በሰላቷ ነው። ማዳም ሳሎን ተቀምጣ እያየች አጠገቤ ቆማ ትሰግዳለች። ጎንበስ በሚባልበት ትደፋለች፣ በሚደፉበት ቀና ትላለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጆሮዬን ጣል ባደርግ «አቡነ ዘበሰማያት» እያለች ነው። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ሰላቴን አቋርጬ ወጥ ቤት ገባሁ። በኋላ ያዝኳትና «አንቺ ሴትዮ፣ አላህን ነው የምታታልዪው ወይስ እግዜርን?» አልኳት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዳም እንዳትጠረጥራት አሰጋገዱን በደንብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ኃጢአት ሠራሽ የሚለኝ ካለ ይምጣና ይበለኝ፣ መልስ አለኝ።

ጾሙንማ ተዉት። ረመዳንን ከእኛ ጋር ትጾማለች፣ ሁዳዴን ለብቻዋ ትጾማለች። በነዚህ ዓመታት ደግሞ ሁለቱ እየተገጣጠሙባት ቀን ውሃ አይነካት፣ ስናፈጥር ሥጋ አይነካት። ማዳም ከራሷ ሳህን ሥጋ አንሥታ ስትሰጣት «ጨጓራዬ» ትላለች። ጾም በሌለበት ወርም የእስላም እርድ ላለመብላት «ጨጓራዬ» ነው። ማዳም ሰሃር ለዚያ ለሌለ ጨጓራ መድኃኒት እየገዛች መሳቢያችንን ሞላችው። እንዲህ ሆና ነው ሃይማኖቷን የጠበቀችው። አሁን እሷን ካደች የሚሏት፣ ማንም ሳይከለክላቸው እንኳ በወጉ የማይጾሙ ናቸው።

እንግዲህ አንድ ሐሙስ መታጠቢያ ቤት ስታጥብ የበረኪናው ክዳን እምቢ አላት። ስትታገለው ድንገት ተፈናጥሮ በረኪናው ቀኝ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ጩኸቷን ሰምቼ ሮጥኩ፣ ራሷን ቧንቧ ሥር ይዤ አጠብኳት። በማግስቱ ዓይኗ በርበሬ መስሎ አብጦ ነበር። ማዳም አየችና ደነገጠች። «ለይላ፣ አሁኑኑ ሙስተሽፋ»፣ ሐኪም ቤት ሂጂ ብላ ሾፌሩን ጠራች። ቃሲም መኪናውን አስነሥቶ በር ላይ ቆመ።

ልብ በሉልኝ፣ ማዳም ከለከለች እንዳትሉ። ማዳም ሰሃር የምትወቀስበት ብዙ አላት፣ አፏ ሲከፈት ወዮልን ነው። ሐኪም ቤት ግን አልከለከለችም። ፈቃድ ሰጠች። ፈቃድ ማለት እዚህ ምን እንደሆነ እኛ እናውቀዋለን። ከበር ለመውጣት ፈቃድ፣ ዓርብ ለማረፍ ፈቃድ፣ እናት ስትሞት አልቅሶ ለመቀመጥ እንኳ ፈቃድ ነው። እንደዚያ ያለ ፈቃድ ሳይለመን መጣላት። እሷ ግን «ዛሬ ዓርብ ነው፣ መጀመሪያ ጉባኤ ሄጄ መምህር ይጸልይልኝ፣ ከዚያ እሄዳለሁ» አለች።

መምህር የምትለው ሀብተ ወልድን ነው። ሀብተ ወልድ የኩባንያ ሾፌር ነው፣ የውሃ መኪና ይነዳል። አገር ቤት ሳለ ትንሽ ድቁና ነበረው ይባላል። ጅሊብ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር በተከራየው ክፍል ዓርብ ዓርብ ሴቶች ሰብስቦ ያስተምራል። ቄስ አይደለም፣ ማንም አልሾመውም፣ ግን ድምፁ ያምራል። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ እኔን የሚያበሽቀኝም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሲያስተምር ያለቅሳል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ለሞተ ያዋጣል። በዚህ ሁሉ ላይ ግን የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ ይናገራል።

ማታ ላይ የጸበል ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። «ሐኪም ቤትስ?» አልኳት። «አልሄድም» አለች።

«ለምን?»

«መምህር ነገረኝ። እግዚአብሔር ለሰው ነጻ ፈቃድ ሰጥቶታል አለኝ። እኔ በነጻ ፈቃዴ ማተቤን በጠስኩ፣ በነጻ ፈቃዴ ስሜን ካድኩ። ይሄ ቅጣቴ ነው። ከቅጣት በሐኪም ማምለጥ ሁለተኛ ክህደት ነው አለኝ። ደግሞ ሐኪም ቤት ለይላ ብለው ሲጠሩኝ አቤት ልል አይደል? እንደገና ልክድ?»

«ታዲያ ምን አድርጊ አለሽ?»

«ሱባዔ ያዢ፣ ጸበሉን ጧት ማታ ዓይንሽ ውስጥ አድርጊበት አለኝ።»

ጸበልን አልሰደብኩም፣ አልሰድብም። አገሬ ጸበልተኛና ዱዓ ተቀባይ በአንድ መንገድ የሚሄዱበት አገር ነው። ግን ስንት ወር በፕላስቲክ ጠርሙስ ተዘግቶ የኖረ ውሃ የቆሰለ ዓይን ውስጥ አይገባም። ይሄን ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

ለመንኳት። ተቆጣኋት። ሽንኩርት እየላጥኩ፣ እሷ ልብስ እያጣጠፈች፣ በዚያ ሰሞን ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረንም። «እኛም ጋ ቀደር የሚባል አለ» አልኳት፣ «ሁሉም ተጽፏል ይላሉ። አንድ ጊዜ ኡስታዙን ከተጻፈማ የገሃነም እሳቱ ለምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው አትጠይቂ አለኝ። እናንተ ጋም እኛ ጋም ያው ነው፣ መልሱ ሲጠፋ አትጠይቂ ነው። ላንቺ እኔ ልጠይቅሽ። ደላላው ባይልሽ ማተብሽን ትበጥሺው ነበር?»

«አልበጥሰውም።»

«አባትሽ ቢኖር አገርሽን ትለቂ ነበር?»

«አለቅም።»

«ታዲያ የቱ ነው ነጻ ፈቃድሽ?»

ያጠፈችውን ፎጣ ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው። «እምቢ ማለት ግን እችል ነበር ዘሊካ። ከእኔ ጋር የነበረች የመንደሬ ልጅ ማተቤን አልበጥስም ብላ አገር ቤት ቀርታለች። እሷም አባት የላትም።»

ወላሂ ሽንኩርቱን ጣልኩት። ያስቆጣኝ ደግሞ እውነቷን መሆኗ ነው። ማዳም «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ስትላት «ሄጃለሁ፣ ተሽሎኛል» ትላለች። ማዳም ጥቁር መነጽር ሰጠቻት፣ እሷም መነጽሩን አድርጋ ደረጃውን እየዳበሰች ትጠርጋለች። ሱባዔዋ ሲያልቅ የዓይኗ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነገር ጥሎባት ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ እኔም ፈቃድ ለምኜ አብሬያት ጅሊብ ወረድኩ። አምርሬ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ፍራሾቹ ተጠቅልለው ግድግዳ ተደግፈዋል፣ የእመቤታችን ሥዕል በፕላስተር ተለጥፋለች፣ ማቀዝቀዣው ባልዲ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው መሬት ተቀምጠዋል። ሀብተ ወልድ አስተምሮ ሲጨርስ «ጥያቄ ያላችሁ» አለ። ሻሼን አስተካክዬ ተነሣሁ።

«መምህር፣ ይቅርታ፣ የእናንተ ሃይማኖት ተከታይ አይደለሁም፣ የዘነበወርቅ ጓደኛ ነኝ። ልጠይቅዎት እችላለሁ?»

«ይጠይቁ እኅቴ» አለኝ በትሕትና።

«በረኪናው ዓይኗ ውስጥ የገባው በማን ፈቃድ ነው?»

«በእግዚአብሔር። ያለ እሱ ፈቃድ የሚሆን ነገር የለም።»

«ማተቧ ሲበጠስስ?»

«ያ በእሷ ፈቃድ ነው። ሰው ነጻ ነው።»

«አሁን ያለ እሱ ፈቃድ የሚሆን ነገር የለም አላሉም?»

ከኋላ አንዷ ሳቀችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሀብተ ወልድ አልተቆጣም። «ፈቅዶ ሳይሆን ታግሦ ነው» አለ። «እግዚአብሔር ኃጢአትን አይወድም፣ ግን ይታገሣል፣ ንስሐ እስክንገባ ይጠብቃል።»

«ጥሩ። እሷ ይኸው ስንት ዓመት በስውር እየጾመች፣ በሆዷ እያለቀሰች ኖራለች። ንስሐ ማለት ሌላ ምንድን ነው? ይሄን ሁሉ ታግሦ ታግሦ በመጨረሻ በረኪና ላከባት ነው የሚሉኝ?»

«ፍርዱን እኛ አንመረምርም።»

«እርስዎ መርምረው አይደለም እንዴ ቅጣት ነው ያሏት?»

አሁን ፊቱ ተለዋወጠ። «እኅቴ፣ የእርስዎ ሃይማኖት ሌላ ነው፣ ይሄ አይገባዎትም» አለኝ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። እርስዎ ማለቴም አለቀ።

«አንተ ባለፈው በጋ ጥርስህ ሲያብጥ የት ሄድክ?» አልኩት። «ጉንጭህ ኳስ አክሎ ነበር፣ ዘነበወርቅ ነግራኛለች። ሐኪም ቤት ሄደህ አስነቀልክ። ያ ቅጣት አልነበረም? ያንተ ጥርስ በሽታ፣ የእሷ ዓይን ቅጣት የሚሆነው በምን ሂሳብ ነው? እነዚህን ሴቶች እያቸው። ከበር ለመውጣት ፈቃድ ለምነው ነው እዚህ የመጡት። የሚበሉትን አይመርጡ፣ የሚተኙበትን ሰዓት አይመርጡ፣ አንዳንዶቹ የሚጠሩበትን ስም እንኳ አልመረጡም። ሳምንቱን ሙሉ ፈቃድ የላቸውም፣ ዓርብ አንተ ጋ ሲመጡ ነጻ ፈቃድ አላችሁ ትላቸዋለህ። ለደስታቸው አይደለም፣ ለቅጣታቸው ነው። እኛ ነጻ የምንሆነው ለመቀጣት ጊዜ ብቻ ነው?»

ማንም አልሳቀም። አንዲት ጠና ያለች ሴት «ተይ ልጄ፣ መምህርን እንዲህ አይናገሩም» አለችኝ። ዘነበወርቅ ቀሚሴን እየጎተተች ነበር። ሀብተ ወልድ መጽሐፉን ዘጋና «እንጸልይ» አለ። እኔም ጫማዬን አንሥቼ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ዘነበወርቅ አኮረፈችኝ። በዚያ በሰው በታጨቀ ጎዳና ከፊት ከፊቴ እየሄደች «አዋረድሽኝ» ትለኛለች። ባላየችው በኩል የመጣ ብስክሌት ሊገጫት ሲል ክንዷን ያዝኳት። ያኔ ቆመች። ቀኝ ጎኗን ጨርሶ እንደማታይ የገባኝ እዚያ ላይ ነው፣ ለእሷም የገባት ይመስለኛል።

«እሺ እኔን አትስሚ» አልኳት። «የነፍስ አባት የለሽም? እሱን ጠይቂ።»

«አባ ኃይለ ማርያም ማተቤን መበጠሴን አያውቁም።»

«ይወቁ።»

አንዲት ሱቅ ጥላ ሥር ተቀመጥን። አገር ቤት ደወለች። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ደላላውን፣ ቢላዋውን፣ ለይላን፣ በረኪናውን። ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጥፌያለሁ፣ የሽማግሌው ሳል ይሰማኛል። እኔ የሚራገሙ መስሎኝ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። መጀመሪያ የጠየቋት «ዓይንሽ ያያል ወይ?» ብለው ነው። ከዚያ «ማተብማ ስትመጪ አስርልሻለሁ፤ ዓይን ግን እኔ ጋ የለም። ለይላም ቢሉሽ ማንም ቢሉሽ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ እግዚአብሔር ማን መሆንሽን ያውቃል። ፈቅጄልሻለሁ» አሏት። በእንባዋ መሐል «ፈቀዱልኝ» አለችኝ፣ ልክ ማዳም ዓርብ ስትፈቅድላት እንደምትለው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። የራሷን ዓይን ለማሳከም የስንት ሰው ፈቃድ ነው የሚያስፈልጋት?

በማግስቱ ቃሲም ወሰደን። ሐኪም ቤቱ ወረፋ ላይ ነርሷ «ለይላ» ብላ ስትጣራ ዘነበወርቅ ተነሣች፣ «አቤት» አለች። ሐኪሟ ግብፃዊት ነበረች። መብራት አበራችበት፣ ጠብታ ጨመረችበት፣ ደግማ አየችና ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። «ሌህ?» አለች ወደ እኔ ዞራ፣ ለምን ማለቷ ነው። «ዕለቱን ብትመጡ በጠብታ ይድን ነበር። ቁስሉ አመርቅዞ ዓይኑን ጨርሶታል። አሁን እንዳይዛመት ነው የማክመው፣ ብርሃኑን አልመልሰውም።» ይሄን በአማርኛ ለእሷ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። እንዴት እንደተናገርኩት አላስታውስም። እሷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ እሺ አለች። እሺ ብቻ።

ወሬው ጅሊብ ሲደርስ ሀብተ ወልድ ደወለ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን ምስር እየለቀምን ነበር፣ እሷ በአንድ ዓይኗ፣ እኔ በሁለቱ። እጇ ሥራ ስለያዘ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አደረገችው።

«እኅቴ፣ ሰማሁ፣ አዘንኩ» አለ፣ ድምፁ ተሰብሯል፣ እያለቀሰም ይመስለኛል። «ምን ይደረጋል፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ተቀበይው።»

አላስችል አለኝ። «ስማ» አልኩት፣ «ማተቡ ሲበጠስ የእሷ ፈቃድ፣ ዓይኗ ሲጠፋ የእግዜር ፈቃድ። ሁለቱን አንተ ነህ የምታካፍለው። ሐኪም ቤት አትሂጂ ያልከው የማን ፈቃድ ነው? ያንተ ድርሻ የት አለ?»

«እኔ ቃሉን ነው የነገርኳት...» አለ።

ዘነበወርቅ እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችኝ። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«መምህር፣ እግዚአብሔርን አያንሡብኝ» አለች። «ማዳም ፈቅዳልኝ ነበር። መኪናው በር ላይ ቆሞ ነበር። ዘሊካ ለምናኛለች። አልሄድም ያልኩት እኔ ነኝ። ማተቤንም የበጠስኩት እኔው ነኝ፣ ማንም እጄን አልያዘኝም። ሁለቱም የእኔ ናቸው። ለእግዚአብሔር አልሰጥም፣ ለእርስዎም አልሰጥም። ሁለተኛ አይደውሉልኝ።»

ስልኩን ዘጋችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

እኔ ደግሞ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ያን ሁሉ ቁጣ በእሱ ላይ አከማችቼ ነበር፣ ቀማችኝ። «አንቺ ደደብ» አልኳት። «አሁን ማንን ልሳደብ? እኔ ማንን ነው የምሳደበው?»

«እኔን ስደቢኝ» አለች።

ሰደብኳት። ማዳም እስክትሰማ ሰደብኳት። ግትር አልኳት፣ ቂል አልኳት፣ ጨካኝ አልኳት፣ እንዲህ የምታደርጊብኝ ምን አድርጌሽ ነው አልኳት። እሷ የምስሩን ትሪ ወደ ጎን ገፋ አደረገችና በቀረው ዓይኗ እያየችኝ፣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።